መጠየቅ ሟርት አይደለም

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም ደህና ናት፤ ጉልበቴን ብቻ ብርዱ አልተስማማውም።

በስልክ ስለ ሥልጠናው ስትነግረኝ መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ሥልጠና መሰጠቱ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በልምምዱ ላይ በሽተኛ ሆኖ የተቀመጠውን ጓደኛህን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ማለት አቃተኝ፣ ሟርት መሰለኝ አልከኝ።

ሟርት አይደለም ልጄ። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይከትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ይላል፤ እኔም በነርስነት ዘመኔ ሌላ አላየሁም። ብዙው ሰው ስትጠይቀው «ኧረ በስመ አብ! ምን ነካህ?» ብሎ ያማትባል። ፈገግ ብለህ ታልፋለህ። ሐሳቡ ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ያን ጊዜ አትቸኩል፣ አንተም ዝም በል።

በእርግጥ ዘው ብለህ ከዚያ አትጀምርም። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላልሃል? ከሰው ጋር መጫወትስ? ከዚያ «መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?» በል። አዎ ካለህ ራሱን ስለማጥፋት በግልጽ ጠይቀው። አድበስብሰህ ከጠየቅከው አድበስብሶ ይመልስልሃል። አስታማሚ አብሮት ከገባ ደግሞ ሰበብ ፈልገህ ወደ ካርድ ክፍል ላከው። አጎቱ ፊት ማን ልቡን ያወጣል? በሩንም ዝጋ።

ሰልፉ ግቢውን ሲሞላ ሁሉንም መጠየቅ እንደማትችል አውቃለሁ። መርጠህ ጠይቅ። ሕመሙ አልታወቅ ብሎ የሚመላለሰውን፣ ሕመም የቆየበትን፣ ከወለደች ወዲህ ፊቷ የጠቆረውን እናት፣ አረቄ የሚያበዛውን፣ ከሁሉም በላይ ከዚህ በፊት ሞክሮ የተረፈውን። «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን» ብሎ የሚመጣ ሞልቷል፤ «ተስፋ ቆረጥኩ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ግን ብርቅ ነው። ደግሞ እኛ አገር በትንሽ በትልቁ «ምነው በሞትኩ» ስለሚባል ጆሮ ይደነዝዛል። የአንተ እንዳይደነዝዝ።

አንተ ያለህበት ፎገራ የራሱ ጣጣ አለው። ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ወይም የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ፣ ብድሩ ገበሬው ጫንቃ ላይ ይቀራል። የተባይ መድኃኒቱ ደግሞ እዚያው መኝታ ቤት ተቀምጧል። በጭንቅ ሰዓት የመጣ ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ መርዝ ቅርብ ካልሆነ ሰውየው ይተርፋል። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ ራሱን የሚያጠፋው ሰው መጠን ከ70 በመቶ በላይ ቀንሷል። ማገድ የመንግሥት ሥራ ነው። አንተ ግን ለምትሰጋለት ሰው ቤተሰቡን ጠርተህ «መድኃኒቱ ከቤት ይውጣ፣ ሌላ ዘመድ ጋ ይቀመጥ» ማለት ትችላለህ። ሳጥን ይቆለፍበት የሚሉ አሉ። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ሆኖ ነው?

«አዎ አስቤያለሁ» ያለህን ሰው ለብቻው አትተወው። ምስጢር እጠብቅልሃለሁ ብለህም ቃል አትግባ፤ የሚያምነው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቀህ አስጠራው። ሆስፒታል ከላክኸው ሰው ይከተለው። ቤቱ ከተመለሰም ቀጠሮው የወር አይሁን፣ በዚያው ሳምንት አግኘው፤ ከቀረም ደውልለት። ጠበል ልሂድ ካለህ አትከልክለው፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ ንገረው። የንስሐ አባቱም ከጎንህ ቢሆኑ ይጠቅምሃል።

መዝገቡ ላይ የለም ብለህም አትዘናጋ። ፍትሐት ይከለከላል ብሎ የሚፈራ ቤተሰብ «በድንገት ታሞ ነው» ብሎ ይቀብራል። ይህን የሚያውቁት ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽኖቹ ናቸው። ጳጉሜን 5 የመከላከል ቀኑ ነው ተብሎ ባነር ይሰቀል ይሆናል። ባነሩን ለሌላ ተውና ጤና ኬላ ድረስ ወርደህ ከእነሱ ጋር ቡና ጠጣ። አንተ የሠለጠንከውን እነሱም ይስሙት።

ሁሉን አድርገህም ከእጅህ የሚያመልጥ ሰው ይኖራል። ያን ቀን ክፍልህን ዘግተህ እንዳትተኛ። ከባልደረባህ ጋር አውራበት፣ ለእኔም ደውል፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼልሃለሁ። ወደ ወረታ የሚመለስ የምታውቀው ሰው ካለ ስልኩን ላክልኝ።

እናትህ
ከባሕር ዳር