የእሁዱ ጉዞ እና የሰሞኑ ጭስ

ውድ የጉዞ ቡድናችን አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ትናንት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎንደር ጎሃ ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነበር። የሚታየው የፋሲል ግንብ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው። በአዘዞ በኩል ያለው ሜዳ ጭራሽ አይታይም። መጀመሪያ ጭጋግ መስሎኝ ነበር። ግን ጭጋግ አይሸትም። ቤት ስገባ ጋቢዬ የተቃጠለ ሣር ይሸታል።

በበጋ እንዲህ መሆኑ አዲስ አይደለም። በመተማና በቋራ በኩል ቆላው ሲደርቅ ሣሩና የእርሻ ቃርሚያው ይቃጠላል። ዝናብ ስለሌለ አየሩን የሚያጥበው ነገር የለም። ሌሊት ደግሞ ብርዱ መሬት ላይ ይተኛል፣ ከላይ ያለው አየር ሞቅ ይላል፤ ጭሱ እንደ ድስት ክዳን ይታፈንበታል። ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ነው ከፍ የሚለው። የሰፈራችን የማገዶ ጭስም አለበት፣ ሁሉንም ቆላ ላይ አንጫን።

ስለዚህ የእሁዱን ጉዞ ከ12 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት አዛውረነዋል። ፀሐዩ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ኮፍያና ውሃ ያዙ። አስም ያለባችሁ በዚህ ሳምንት ቅሩ፣ ማንም አይቀየማችሁም። የጨርቅ ማስክ ለአቧራ እንጂ ለደቃቁ ጭስ እምብዛም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጫካ ውስጥ ቡና አናፈላም። በ2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥቶ ነበር። ቡናውን በፔርሙስ እኔ አመጣለሁ።