የድሬሰሩ ሪፖርት የት ድረስ ይሄዳል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ አብቅቷል ብሎ ካስታወቀ በኋላ፣ አንድ ጸሐፊ በገጻችሁ ላይ ወረርሽኙ ገና ከጅምሩ ለጄኔራሎች ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወር ልክ ይገባ ነበር የሚል ሐሳብ አስነብበዋል። ልጄ በስልኳ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ያስደገምኋት ስላልሰማሁ ሳይሆን ስለ ተናደድሁ ነው።

ፍኖተ ሰላም የምኖር ጡረተኛ ነኝ። በጦር ሠራዊት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በዚያን ጊዜ አጠራር ድሬሰር። ሠራዊቱን ለማጥላላት አልጽፍም፤ እንጀራዬንም ሙያዬንም ያገኘሁት ከዚያ ነው። ግን ጸሐፊው «ወታደር ካዘዘ ነገር ይሳካል» ሲሉ፣ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ነው ያዩት። እኔ የኖርሁት ታች ነው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ነገር መንገድ ላይ ምን እንደሚያገኘው ላጫውታቸው።

ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን ነው። የካምፑን ስም ተዉት። ከየቀበሌው የተሰበሰቡ ልጆች በድንኳን ውስጥ ሃያ ሃያ ሆነው ይተኛሉ፤ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ ማንቀጥቀጥ ጀመራቸው። ጥቂት ቀን ያነዳቸውና ይተዋቸዋል፤ ተሻለኝ ብሎ ሰልፍ በገባ በሳምንቱ እንደገና ይጥለዋል። ይህን ያየ ሰው ስሙን አይጠፋውም፤ ግርሻ ነው፣ ተሸካሚው የልብስ ቅማል ነው። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም፤ ቴትራሳይክሊን ነበረን። ከባዱ ሌላው ነው፤ የሁሉንም ልብስ በበርሜል መቀቀል፣ ጸጉር መላጨት፣ ድንኳኖቹን ማራራቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት አዲስ ምልምል አለመቀበል።

ይህንኑ ጽፌ አቀረብሁ። የታመሙት 41 ነበሩ። አዛዡ ወረቀቱን ትንሽ ካየው በኋላ፣ «ይኼን ቁጥር ገልብጠው፤ 14 አድርገው። በላይ ያሉት 41 ሲያዩ ይደነግጣሉ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፤ ክፉ ሰውም አልነበረም። ገልብጬ ጻፍሁት። በዚያው ሳምንት ሁለት መኪና ምልምል መጥቶ በእነዚያው ድንኳኖች ላይ ተራገፈ። በኋላ የቀበርናቸውን ልጆች ቁጥር ማንም ገልብጥ አላለኝም፤ የጠየቀም አልነበረም። ያን ወረቀት የፈረምሁት እኔ ስለሆንሁ ጥፋቱን በሌላ ሰው ብቻ ላላክክ አልችልም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን የተናገሩት ሰዎች ስለ አንድ በሽተኛ እንጂ ስለ ክፍለ ጦር አላሰቡም ይሆናል።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሳነብ፣ የእኔ አዛዥ በየአገሩ ወንድሞች እንዳሉት አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1918፣ በእኛ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያልነው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ላይ ብቻ 10,000 ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ከሞት አፋፍ ነው የተመለሱት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየጠረግን የምናጨሰው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያው መኸር የአሜሪካ ጦር ካምፖች በበሽታው እየነደዱ ሳለ የምልመላ ኃላፊው ጄኔራል ኢኖክ ክራውደር የጥቅምቱን የ142,000 ሰው ጥሪ ሰረዙ። ለአንድ ወታደር ትልቅ ድፍረት ነው፤ ጦርነቱ ገና አላለቀም። የጦሩ ተጠባባቂ የሕክምና ኃላፊ ደግሞ ወደ ፈረንሳይ በመርከብ የሚጫነው ወታደር እንዲገታ መከሩ። ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ፔይተን ማርች ግን እንቢ አሉ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንንም አሳመኑ። ሌቪያታን የምትባለው መርከብ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ባደረገችው ጉዞ ብሬስት ወደብ ስትደርስ ወደ 2,000 የሚጠጋ በሽተኛ ይዛ ነበር። በጠቅላላው ወደ 45,000 የሚሆን የአሜሪካ ወታደር በዚያ በሽታ አልቋል።

ማርች ሞኝ አልነበሩም። ፊት ለፊታቸው ጦርነት፣ ከጎናቸው ሐኪም ነበር፤ የሰሙት የፊት ለፊቱን ነው። ይህን ስጽፍ በሰው አገር ጄኔራል ብቻ እየፈረድሁ አይደለም። እኛም መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀን መጨባበጥን ከልክለን፣ ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ብለን፣ ሰባት ወር ሳይሞላን ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር ያን ሁሉ ረሳነው።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ቴዎዶር ሩዝቬልት በተባለችው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ኮቪድ ገባ። 4,800 ያህል ሰው በጠባብ ክፍል ተደራርቦ የሚተኛባት ናት፤ የእኛን ድንኳን አስቡት፣ ብረት ብቻ ነው ልዩነቱ። ካፒቴኑ ብሬት ክሮዚየር ለአለቆቹ ደብዳቤ ጻፈ። «ጦርነት ላይ አይደለንም፤ መርከበኞች መሞት የለባቸውም» የሚል ነበረበት። ደብዳቤው ጋዜጣ እጅ ገባና ከኃላፊነት አነሱት። ተጠባባቂ የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ መርከቧ ድረስ በርረው ሄደው በድምፅ ማጉያ ዘለፉት፤ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ሥልጣን ለቀቁ። ከ1,000 በላይ መርከበኛ ተያዘ፣ አንድ ሞተ። የኋላው ምርመራ ክሮዚየርንም ጥፋተኛ አድርጎታል፤ ሲመለስ አላየነውም። እኔ ግን ቁጥር ያልገለበጠ ሰው ነው የማየው።

ጸሐፊው ቻይናን ጠቅሰዋል። በእርግጥ ያ የሠራዊት ሥራ የሚያስቀና ነው፤ ዉሃን ላይ ሁዎሸንሻን የተባለው ባለ 1,000 አልጋ ሆስፒታል በዐሥር ቀን ገደማ ቆሞ 1,400 የጦር ሐኪምና ነርስ ገባበት። ነገር ግን ይህ ከመሆኑ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ከተማ ዶክተር ሊ ዌንሊያንግ ለባልደረቦቹ ተጠንቀቁ ስላለ ፖሊስ ጠርቶ አስፈርሞታል። በዚያው በሽታ ሞተ። እሱን ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ስንቱ አልጋ ባዶውን ይቀር ነበር?

ታዲያ ጄኔራል አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል እንጂ! ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ቦቴ፣ ሌሊት የማይተኛ ዘበኛ፣ መድኃኒት ሳይበላሽ ሩቅ የሚያደርስ መኪና ከሠራዊት የተሻለ ያለው የለም። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2021 የክትባቱን ሥራ የሰጠችው ሰርጓጅ መርከብ ላይ ላደገ ባሕረኛ፣ ለአድሚራል ጎቬያ ኢ ሜሎ ነው። ሰውየው የውጊያ ልብሱን ለብሶ ወጣ ገባ እያለ፣ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ከመቶ ሰማንያ አምስት ያህል ሕዝብ ተከትቦ ነበር። ልብ በሉ፣ ማን በስንት ዓመቱ ይከተብ የሚለውን የወሰነው የጤናው መሥሪያ ቤት ነው። አድሚራሉ ያደረሰው ክትባቱን ነው፤ እንዲያደርስ የታዘዘውም ያንኑ ነው።

የብራዚሉን ደግሞ ተመልከቱ። ጄኔራል ኤድዋርዶ ፓዙዌሎም የሎጂስቲክስ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ግን የጤና ሚኒስትር አደረጓቸው። ክትባት እንገዛለን ብለው ፕሬዚዳንቱ ሲሽሩባቸው፣ አንዱ ያዝዛል ሌላው ይታዘዛል፣ ነገሩ ይኸው ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ጥሩ ወታደር! ጥቂት ወራት ቆይቶ ማናውስ ከተማ ኦክሲጅን አለቀባትና በሽተኛ ታፍኖ ሞተ። የአድሚራሉንና የጄኔራሉን ማዕረግ ብታነጻጽሩ ምንም አታገኙም። ልዩነቱ የቆሙበት ቦታ ነው።

አንድ ሌላ ጄኔራል አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ጉስታቭ ፐርና ይባላል፣ አሜሪካ ውስጥ ክትባት የማከፋፈሉን ሥራ ይመራ ነበር። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ክፍለ ግዛቶቹ ይደርሳችኋል ከተባሉት ያነሰ ክትባት ተመደበላቸውና ጩኸት ተነሣ። አራት ኮከብ ያለው ሰው በሕዝብ ፊት ወጥቶ ግምቱን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው አለ። በአሥራ ስድስት ዓመት አገልግሎቴ ከመቶ አለቃ በላይ ካለ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ቃል አልሰማሁም። ከመቶ አለቃም የሰማሁት አንዴ ነው፤ እሱም ስለ ጠፋ አካፋ ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሳው እኛ ዘንድ ነገሩ የሩቅ ወሬ ስላልሆነ ነው። ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ያለው እዚሁ ጎጃም ነው። ከየክልሉ ወጣት ይገባበታል፣ ሠልጥኖ ወደየክፍሉ ይበተናል። በአካባቢው ያለው ሰው እንጀራም ሽንኩርትም ይሸጥለታል፣ እረፍት ያገኘው ወታደር ገበያ ይወጣል፣ የእኛ ልጆችም እዚያ ይቀጠራሉ። በአጥሩ ውስጥ የገባ ትኩሳት በሳምንቱ እኛ ቤት ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ባሕር ዳር፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራና ጥሊሊ ለሁለት ሳምንት ሲዘጉ ኬላ ላይ የቆሙትን የጸጥታ ልጆች አስታውሳለሁ። መንገዱን ዘግተውት ነበር፤ ማን እንደሚያተኩሰው ለማወቅ ግን ያው ሙቀት መለኪያ የያዘው ነርስ ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ለመከላከያ አለቆች አንዲት ነገር እጠይቃለሁ። በማንኛውም ማሠልጠኛ ወይም ካምፕ ያለ የሕክምና ኃላፊ «ምልምል መቀበል ይቁም» ብሎ በጽሑፍ ሲያቀርብ፣ አዛዡ መሻር ከፈለገ ይሻር፤ አዛዥ ነው። ግን በጽሑፍ ይሻር፣ ስሙንና ፊርማውን አኑሮ። የወረቀቱም ግልባጭ በዚያኑ ቀን ለክልሉ ጤና ቢሮና ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይድረስ። የእኔ አዛዥ ቁጥሩን ያስገለበጠኝ በቃል ነው። ጻፈው ብዬ ብጠይቀው የሚጽፈው አይመስለኝም።

የጦር ምስጢር ይወጣል የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም ድሮ እንዲሁ ተብያለሁ። የ1918ቱ በሽታ ለምን የስፔን ተባለ? ተዋጊዎቹ አገሮች ወሬውን በሳንሱር አፍነው ገለልተኛዋ ስፔን ብቻ ስለ ጻፈችው ነው። ጀርመኖች ግን ከማንም ሳይጠይቁ ያውቁት ነበር፤ እነሱም በዚያው ትኩሳት ተኝተዋል።

የጸሐፊውን መልስ እጠብቃለሁ። ልጄ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ገጻችሁን ትከፍትልኛለች፤ ዓይኔ ደክሟል። ስታነብልኝ 41ን 14 እንዳታደርግብኝ ብቻ ብዬ ስቀልድባት፣ ነገሩን ስለማታውቀው ዝም ትላለች። አሁን ይህን ደብዳቤ ስትተይብልኝ አወቀችው።

ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ፣ የቀድሞ ጦር ጤና ረዳት
ከፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 2015 ዓ.ም.