የሞላነው መጠይቅ የት ገባ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ዩኒቨርሲቲ ሪሰርች ሲወራ ሁሌ የምሰማው ስንት ፔፐር ታተመ፣ ዩኒቨርሲቲው በደረጃ ስንተኛ ወጣ የሚለውን ነው፣ ለማን ምን ጠቀመ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም፣ ስለዚህ እስኪ እኔ ልሞክረው ብዬ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ጥሩ ሪሰርች ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የቸገረው ሰው በር ሲያንኳኳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ዊስኮንሲን፣ አሜሪካ፣ ከብቶቹ ደም እየፈሰሳቸው ያለቁበት አንድ ገበሬ በዚያ በረዶ የሞተች ጊደሩን፣ አልረጋ ያለ ደም በወተት ጣሳ እና ከብቶቹ የበሉትን የሻገተ ድርቆሽ ጭኖ ዩኒቨርሲቲው ድረስ መጣ። ካርል ሊንክ የሚባለው ፕሮፌሰር ያን ቀን ሊለው የቻለው የሻገተውን አታብላቸው ብቻ ነበር፣ ሌላ ምን ይበለው፣ አያውቅማ። ግን እሱና ተማሪዎቹ ነገሩን አልተዉትም፣ ደሙን እንዳይረጋ ያደረገውን ኬሚካል ከድርቆሹ ነጥለው እስኪያወጡ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፣ በዚያው መንገድ የተገኘው ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆነ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ደም እንዳይረጋ ለሰው የሚታዘዝ መድኃኒት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስንቱ የልብ ሕመምተኛ ይውጠዋል። በየስድስት ወሩ "ውጤቱ የታለ" የሚሉ አለቆች ይቺን ቢያነቧት ደስ ይለኛል። (የዶክተር አክሊሉ ለማን ግኝት፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ይገድላል የሚለውን፣ ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም፣ እሱም ቢሆን ወንዝ ዳር ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ነው የተነሳው።)

ተማሪውስ ምን ያገኛል ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፍሊንት በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሠራውን እዩ። ባለሥልጣናቱ ውሃው ምንም አልሆነም ይላሉ፣ ነዋሪው ደግሞ ውሃው ቀለሙም ሽታውም ተበላሽቷል ይላል። ተማሪዎቹ 300 የናሙና ኪት አሽገው ላኩ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ጠርሙስ፣ አንዱ ቧንቧው ለሰዓታት ሳይከፈት ቆይቶ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የሚቀዳበት፣ አንዱ ለ45 ሰከንድ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሦስተኛው ከ2 ደቂቃ በኋላ። ለምን ሦስት? ሊዱ (ውሃው ውስጥ የተገኘው መርዛማ ብረት፣ እርሳስ) ያለው እዚያው ቧንቧው አፍ ላይ ይሁን ወይስ ራቅ ካለው መስመር የሚመጣ ለመለየት ነዋ። ይሄን ለአንዴ በእጁ የሠራ ተማሪ ሳምፕሊንግ ምን እንደሆነ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፣ በስላይድ ሲነገረው ግን ከፈተና ማግስት ይረሳዋል። ውሃውን የቀዱት ደግሞ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ውጤቱም ለእነሱው ተነገረ፣ በዚያው ዓመት ከተማዋ ወደ ድሮ የውሃ ምንጯ ተመለሰች።

እኔን የሚያበሳጨኝ የዚህ ተቃራኒው ነው። ተማሪው መጠይቁን ይዞ ይመጣል፣ ሰው ሥራውን ትቶ ቁጭ ብሎ ይሞላለታል፣ ስንት ልጅ አለህ ገቢህ ስንት ነው ሁሉ ይጠየቃል፣ ከዚያ ልጁ መምህራን ፊት ቀርቦ ዲፌንድ ያደርጋል ይመረቃል፣ ቴሲሱ (የመመረቂያ ጽሑፉ) ሼልፍ ላይ አቧራ ይጠጣል፣ የሞላው ሰው ግን ምን እንደተገኘ አይሰማም። ቀጣዩ ተማሪ ሲመጣ ሰዉ "ባለፈው ሞልተን የለ እንዴ" ብሎ ቢመልሰው ይፈረድበታል? ጥፋቱ የልጁ ብቻም አይደለም፣ አድቫይዘሩም የሚጠይቀው ስለ ፎርማትና ስለ ሪፈረንስ ነው፣ ለሰዎቹ ነገርካቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የት አለ። አንዳንዱማ ያለፈ ሰው ቴሲስ ላይ የቦታውን ስም ብቻ ቀይሮ ያስገባል፣ እሱን ተዉት።

ስለዚህ ዲፌንስ ከመፈረሙ በፊት ተማሪው ግማሽ ቀን መድቦ ዳታ የሰጡትን ሰዎች ሰብስቦ ያገኘውን በተራ ቋንቋ ይንገራቸው፣ "ተሳስተሃል እኮ፣ እኛ እንዲህ አላልንም" የሚለውም ሰው እዚያው ይገኛል፣ ያ ደግሞ ከየትኛውም ኮሜንት ይበልጣል። እናንተም ብትችሉ በሳምንት ግማሽ ገጽ ስጡና ተማሪዎች የቴሲሳቸውን ውጤት ያለ ቴብልና ያለ ፎርሙላ ይጻፉበት፣ ርዕሱ ሥር "ይሄን የጠየቁን እነማን ናቸው" የምትል አንዲት መስመር ግን ግዴታ ትሁን።

አንባቢያችሁ