ሴንት ኪትስ ላይ ስንወርድ፦ የባቡሩ ጉዞ

ውድ የጉዞ ማኅበራችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

መርከባችን በካሪቢያን ባሕር ደሴቷ ሴንት ኪትስ፣ በዋና ከተማዋ ባሴቴር ወደብ ስትቆም ምን እናድርግ ላላችሁኝ፣ የእኔ ምርጫ ባቡሩ ነው። ባሕር ዳርቻውን ሌሎቹ ደሴቶች ላይም እንጠግበዋለን።

ሐዲዱ መጀመሪያ ለቱሪስት የተዘረጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የተሠራው ሸንኮራ አገዳ ከእርሻው ወደ ባሴቴሩ ስኳር ፋብሪካ ለማመላለስ ነበር። የስኳር ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘጋ። አገዳው ግን አንዳንድ ቦታ ያለ ባለቤት እንደበቀለ ነው። አሮጌ የወፍጮ ማማዎችና የጭስ መውጫዎችም በመስኮት ያልፋሉ።

የሐዲዱ ስፋት 76 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ይንገጫገጫል፤ ፍጥነት አትጠብቁ። ፉርጎው ባለ ሁለት ፎቅ ሲሆን ለአንድ ሰው ሁለት ወንበር ይደርሰዋል፦ ላይ ክፍት፣ ታች ቀዝቃዛ አየር ያለው። እኔ ላይኛውን እላለሁ። በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላው 1,156 ሜትር የሚደርሰው የሊያሙዊጋ እሳተ ገሞራ። ጫፉን ግን ብዙ ጊዜ ደመና ይጋርደዋል። ጠባቦቹ የብረት ድልድዮች ላይ ከፍታ የሚፈራ ሰው ታች ቢወርድ ይሻለዋል።

በባቡር 29 ኪሎ ሜትር፣ ቀሪው 19 ገደማ በአውቶቡስ፤ በድምሩ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። መጠጡ ከቲኬቱ ጋር ነው። ሮም የሚባለው የአገዳ አልኮል ያለበትም ስላለ፣ የማትጠጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኮፍያና የፀሐይ ክሬም አትርሱ። ጉልበቱን የሚያመው ካለ ደረጃው ትንሽ ያስቸግራልና ይንገረኝ፣ ታች ወንበር እናስይዛለን።

የምትሄዱ እስከ ዓርብ ስማችሁን ላኩልኝ።