«ነግሬ ነበር» እንዳንል

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ የስፖርት ልምምድና የልጆቻችን ደህንነት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነስተው ጠየቁኝ። ልጃቸው ሯጭ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ከአሠልጣኙ ጋር ብቻውን ይለማመድ ነበር። ዘንድሮ ይህን ከለከልን። «አሠልጣኙ ምን አጠፉ? ሰው ሳያጠፋ ይጠረጠራል እንዴ?» አሉኝ። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁላቸው። ሰዓቱ ስለገፋ በቅጡ ሳልመልስላቸው ተለያየን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሳቸውና ላጨበጨባችሁት ሁሉ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። አሠልጣኛችን ያጠፉት ነገር የለም። አንድም ቅሬታ አልቀረበባቸውም። ደንቡ የወጣው ለእሳቸው ተብሎ አይደለም። ልጆች ያሉበት ግቢ ውስጥ ለምንሠራ ሁሉ ነው፤ እኔንም ይጨምራል።

ለምን እንደወጣ ለማስረዳት ራቅ ካለ አገር ልጀምር። በአሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ግዛት፣ ፔን ስቴት የሚባል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። በአሜሪካ እግር ኳስ ስሙ የገነነ ነው። ጄሪ ሳንደስኪ የሚባል ሰው እዚያ ለብዙ ዓመታት ምክትል አሠልጣኝ ነበር። በ1977 (ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው) ችግረኛ ልጆችን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። አገሩ ሁሉ አመሰገነው። ልጆቹን ጨዋታ ያሳያቸዋል፤ ስጦታ ይገዛላቸዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወስዶ ስፖርት ያሠራቸዋል። በኋላ እንደታወቀው፣ በወሲብ ሲያጠቃ የኖረው እነዚሁን ልጆች ነበር።

በ1998 የአንዲት እናት ልጅ ፀጉሩ ረጥቦ ቤት ገባ። ለምን እንደረጠበ ጠየቀችው። ከሰውዬው ጋር ሻወር ቤት አብሮ መግባቱን ነገራት። እናትየው ጉዳዩን ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አደረሰችው። ምርመራ ተደረገ፤ ክስ ግን አልተመሠረተም፤ መዝገቡ ተዘጋ። ይህችን እናት ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ከዚያ ሁሉ ባለ ሥልጣን በፊት ማድረግ ያለባትን ያደረገች እሷ ናት። ያየችው የረጠበ ፀጉር ብቻ ነበር።

በ2000 ደግሞ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሳንደስኪ ልጅ ሲያጠቃ በዓይኑ አየ። ደንግጦ ለሥራ ባልደረቦቹ ነገራቸው። ከሥራ እንባረራለን ብለው ፈሩና ሁሉም ዝም አሉ።

በዓመቱ፣ በ2001፣ አንድ ወጣት ረዳት አሠልጣኝ ማታ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲገባ ሳንደስኪን ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ሻወር ውስጥ አገኘው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ወጣቱ ለአባቱ ነገረ። በማግስቱ ለዋናው አሠልጣኝ ለጆ ፓተርኖ ነገረ። ፓተርኖ ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ነገረ። ኃላፊውና ምክትል ፕሬዚዳንቱ ለፕሬዚዳንቱ ለግራሃም ስፓኒየር ነገሩ። ሁሉም ነገሩ። ለመንግሥት የሕፃናት ጥበቃ ወይም ለከተማው ፖሊስ ያመለከተ ግን አንድም አልነበረም። ሳንደስኪን ጠርተው ልጆች ወደ ግቢው እንዳያመጣ ነገሩት። ልጁ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ አሁን እንዴት ነው ብሎ የፈለገው ሰው አልነበረም።

ደግሞ ነገሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቃሉ እየሟሟ ሄደ። ፓተርኖ ከዓመታት በኋላ በመሐላ ሲመሰክር የተነገረው ወሲባዊ ነገር እንደነበር ተናግሯል። ፕሬዚዳንቱ ግን እኔ የሰማሁት ስለ ልፊያ ነው አለ። ልፊያ! እኛም እኮ እንዲህ ዓይነት ቃላት ሞልተውናል። «ነካ ነካ ያደርጋል»፣ «ጨዋታ ያበዛል»፣ «ትንሽ ባለጌ ነው» እንላለን። ልጁ የተናገረው አንድ ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ጆሮ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሳንደስኪ የተያዘው በ2011 ነው። ወጣቱ ካየው አሥር ዓመት አልፎ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የተጎዱ ልጆች አሉ። በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተባለና ከ30 እስከ 60 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፓተርኖና ስፓኒየር ከቦታቸው ተነሱ። ዩኒቨርሲቲው 60 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ስታዲየሙ ደጃፍ ቆሞ የነበረው የፓተርኖ ሐውልት ተነቀለ። ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትሉና የስፖርት ኃላፊው በ2017 ሕፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋተኛ ሆኑ። ሁለቱ ራሳቸው አምነዋል።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ የግዛቲቱ ሕግ አንድ የተቋም ሠራተኛ ለበላዩ ከነገረ ድርሻውን እንደተወጣ ይቆጥር ነበር። ለመንግሥት ማሳወቅ የኃላፊው ሥራ ነበር። ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ነው ሕጉ በ2014 የተለወጠው። አሁን ያየው ወይም የሰማው ሠራተኛ ራሱ በቀጥታ ማሳወቅ አለበት። ለአለቃው መንገሩ ብቻውን አይበቃውም።

ይህ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጣጣ ብቻ አይደለም። ሚሺጋን ስቴት የሚባለው ሌላው ዩኒቨርሲቲ ላሪ ናሳር የሚባል የስፖርት ሐኪም ነበረው። ጂምናስቲክ የሚሠሩ ልጃገረዶች በ1997 (እዚህም ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው) ለአሠልጣኛቸው ተናግረዋል። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2016 ነው። በ2018 ዩኒቨርሲቲው ለ332 ተጎጂዎች 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንግዲህ የራሴን ልንገራችሁ። ለወላጅ ስነግር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ ገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ወደ ጥግ ጠራኝ። የስፖርት መምህሩ አንዲት ተማሪ ሲመሽ ኳስና መረብ የሚቀመጥበት ክፍል እያስገባ በሩን እንደሚዘጋ ነገረኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግሞ አይቷል። ለምን ለእኔ እንደነገረኝ ይገባኛል። እሱ ዘበኛ ነው፤ ማን ይሰማዋል? እኔ መምህር ነኝ። ያኑ ዕለት ለዳይሬክተሩ ነገርኩ። «እናየዋለን፤ የትምህርት ቤታችን ስም እንዳይጠፋ በጥንቃቄ ነው» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ነግሬያለሁ፣ ከእኔ ወርዷል ብዬ ተኛሁ።

ልጅቷ ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰችም። መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ወጣለትና ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደ። ጋቢ ሸልመን ሸኘነው። እኔም አዋጥቻለሁ። ልጅቷ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ የሄደበት ትምህርት ቤት ውስጥም ልጆች ነበሩ። ዘበኛው ከዚያ ወዲያ ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አያየኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ እኛ ከተማ ልመለስ። ልጆቻችን ሩጫን የሚያዩት እንደ እንጀራ ነው። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዚህ ብርድ፣ ንጋት ላይ የሚሮጥ ልጅ ነገ አዲስ አበባ ክለብ ገብቶ ቤተሰቡን ሊረዳ ያስባል። ብዙዎቹ ከመንዝ፣ ከጣርማበርና ከሌሎች ወረዳዎች መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ እናት አባታቸው ሩቅ ነው። እንዲህ ላለ ልጅ የመሮጫ ጫማ የሚገዛለት፣ «ክለብ አስገባሃለሁ» የሚለው ሰው አባት ነው። ብዙ አሠልጣኞች ይህን የሚያደርጉት ከደመወዛቸው ቀንሰው፣ ከልባቸው ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ክፉ ሰውም የሚገባው በዚሁ በር ነው። ልጁ እንቢ ካለ ጫማውም ክለቡም ይቀርበታል። ቢናገር ደግሞ የሚያምነው ያለ አይመስለውም።

ስለዚህ ከአሁን በኋላ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ልምምድ አይሠራም። ስጦታ ካለ በትምህርት ቤቱ በኩል ይሰጣል። ለዞን ውድድር ስንሄድ እንደምታውቁት ልጆቹ የሚያድሩት የአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ነው። ሁለት አዋቂ አብሮ ይሄዳል፤ ከሴቶቹ ጋር ሴት መምህርት ትኖራለች፤ አሠልጣኝ ልጆቹ ክፍል ውስጥ አያድርም።

ዋናው ግን ይሄ ነው። መምህርም ይሁን ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛም ይሁን የቢሮ ሰው፣ ልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ያየ፣ የሰማ ወይም የጠረጠረ ሰው ያኑ ዕለት ራሱ ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ያመለክታል። ለእኔ መንገሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጥርጣሬው በእኔ ላይ ከሆነ ለእኔ ጭራሽ መንገር የለበትም። ልጁ ያለውን በራሱ ቃል፣ ሳያሳምር፣ ሳያለዝብ ይጻፍ። እኛ አንመረምርም። ኮሚቴ አቋቁመን ልጁን አምስት ጊዜ አናስለፈልፍም። በማመልከቱ ሥራው ላይ ችግር የሚደርስበት ሠራተኛ እንደማይኖር ፈርሜያለሁ። ሕግ አስገደደንም አላስገደደንም ይህን እናደርጋለን።

ስለ ሽምግልናም ልናገር፤ ከባድ ቢሆንም። እኛ ሰላም ወዳድ ነን። ነገር በሽማግሌ ሲያልቅ ደስ ይለናል። ገበና ሲሸፈን ጥሩ ይመስለናል። የድንበር ጠብ በሽማግሌ ይለቅ። ይሄ ግን አያልቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን ይመለከታል። ልጁ ለአጥፊው ተማሪው ከሆነ ወይም በአደራ የተሰጠው ከሆነ፣ ግብረ ሥጋ የፈጸመበት ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነ አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይላል። አጥፊውና ልጁ አንድ ዓይነት ጾታ ከሆኑም አንቀጽ 631 አለ። ይህን የምጨምረው «የኔ ልጅ ወንድ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ ነው። የሳንደስኪ ተጎጂዎች በሙሉ ወንዶች ልጆች ነበሩ።

ልጃችሁ የሆነ ነገር ቢነግራችሁ መጀመሪያ አትቆጡ። «ለምን ሄድክ?» «ለምን ሄድሽ?» አትበሉ። እመኑት። ልብሱን አትጠቡ፤ ገላውንም ሳታጥቡት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከ72 ሰዓት በፊት መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። «እስቲ ቤተሰብ ይምከር» ስትሉ ሦስት ቀን ያልፋል። ልጁ ባይናገርም እዩት። የሚወደውን ልምምድ በድንገት ከጠላ፣ ያልገዛችሁለት ዕቃ ካመጣ፣ ከአንድ ሰው ጋር መሄድ ካስፈራው፣ እንደዚያች እናት ጠይቁት።

ስብሰባው ላይ ለጠየቁኝ አባት፦ ልጅዎ ልምምዱን አላቋረጠም። ከሰኞ ጀምሮ 12 ሰዓት ላይ፣ ሲነጋጋ፣ ከሌሎች አምስት ሯጮች ጋር ይሮጣል። አሠልጣኙ ሐሳቡን ራሳቸው ደግፈውታል። አንድ ሁለተኛ አዋቂ ግን ያስፈልገናል። በሳምንት አንድ ቀን ንጋት ላይ ሜዳው ዳር መቆም የምትችሉ ወላጆች ምክትል ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ስማችሁን አስመዝግቡ። እኔ ረቡዕን ይዣለሁ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ ሜዳው በዚያ ሰዓት ይበርዳል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር