ሐይቅም አለ፣ ዛንዚባርም ሄደን መጣን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ አንድ የኮምቦልቻ አንባቢ «እዚሁ አፍንጫችን ስር ሐይቅ እያለ ልጅ አስከትሎ ዛንዚባር መሄድ ገንዘብን ባሕር ውስጥ መጣል ነው» ብለው የጻፉትን አነበብኩ፣ አነበብኩ ከምል አባቴ ጮክ ብሎ አነበበልኝ ብል ይሻላል፣ ከዛ መነጽሩን አውልቆ «ይሄ ሰውዬ ስለኛ ነው እንዴ ሚያወራው?» አለኝ። ስለኛ ባይሆንም ይነካናል፣ ባለፈው ነሐሴ ለሰባት ሆነን የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ሄደን የመጣነው እኛ ነና።

ሰውየው ካሉት ግማሹ እውነት ነው። ሐይቅ የሚባለው ቦታችን ከደሴ ቢበዛ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ልጅ ሆነን በፒካፕ ተጭነን እየሄድን የዓሣ ጥብስ በልተን ያደግንበት ቦታ ነው፣ ማንም ስለሱ ሊነግረኝ አይችልም። ግን ሐይቅ ስንሄድ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። እማዬ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስታ ዳቦ ትቆራርጣለች፣ እኔ ወጡን በምሳ ዕቃ አሽጋለሁ፣ ምድጃ፣ ከሰል፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ ስኒ፣ ምንጣፍ ምናምን ይጫናል፣ ውሃው ዳር ስንደርስ ወንዶቹ ጋደም ይላሉ እኛ ከሰል እናራግባለን፣ ማታ ቤት ስንገባ ደሞ ያ ሁሉ ዕቃ ታጥቦ ይገባል። በቃ ጓዳውን ተሸክመን ውሃ ዳር ወስደን መመለስ ነው እንጂ ይሄ ሽርሽር ነው?

ጉዞውን ያሰበችውም የከፈለችውም ታላቅ እህቴ ናት። ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ 11 ዓመቷ ነው (ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለች እህት የሌለችው ቤት ስንት ነው?)። ለፈቃድ በመጣች ቁጥር ሻንጣዋን ሳትፈታ ወደ ጓዳ ነው የምትገባው፣ እሷን ሊጠይቅ ለመጣው ዘመድ ቡና የምታፈላው ራሷ ናት፣ ወሯ እንደዛው ያልቅና ትመለሳለች። ዘንድሮ ደውላ «እንግዳ መቀበል ሰልችቶኛል፣ እኔው ራሴ እንግዳ መሆን ነው የምፈልገው፣ ሁላችሁም አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ» አለች። ዋጋውን እዚህ ላይ አልጽፍም፣ አባቴ ጋዜጣ እንደሚያነብ ነግሬያችኋለሁ።

ደሴን በጉምና በጭቃ ትተናት ወጣን፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ ደሞ ዛንዚባር ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፣ እዛ ነሐሴ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ዝናብ የሚባል አልነበረም። ሆቴሉ ስንደርስ እጃችን ላይ የላስቲክ አምባር አሰሩልን። ኦል ኢንክሉሲቭ የሚሉት እሱ ነው፣ ቁርስ ምሳ እራቱ፣ ሻይ ቡናው፣ ጁሱ፣ የልጆቹ አይስክሬም፣ ለሚጠጣም ሰው መጠጡ ቀድሞ ስለተከፈለ አምባሩን ያየ አስተናጋጅ ሒሳብ ብሎ አይመጣም።

ይሄን ለአባቴ ማስረዳት ነው ያቃተን። ድሮ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌን አልፎ በኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲመላለስ ነው ወጣትነቱ ያለቀው፣ በ1990 በጦርነቱ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ባሕር አላየም። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ዳር ቆሞ ብዙ ዝም አለና «መርከቡስ የታለ?» አለ። ለሱ ባሕር ማለት ወረፋ ነው፣ ጭነት ነው፣ ሙቀቱን ሽሽት መኪና ስር መተኛት ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ሊጋደም ወደ ባሕር ሲሄድ አይቶ አያውቅም። ቡፌው ላይ ደሞ ሳህን ያነሳና አስተናጋጁን በአማርኛ «ይሄ ስንት ነው?»፣ ተከፍሏል አባባ እንለዋለን፣ እሺ ይልና ቀጥሎ ያለውን «ይሄስ?»። ሦስተኛው ቀን ላይ መጠየቁን ተወ ብለን ደስ ሲለን ኪሱ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ሁለት ዳቦ አገኘንበት። «ለመንገድ ነው» አለ፣ ለመመለስ እኮ ገና ሁለት ቀን ይቀረን ነበር።

እኔ ግን ብዕር ያነሳሁት ስለ እህቴ ብዬ ነው። ቁርስ በልተን እንደጨረስን ብድግ ብላ የሰባታችንን ሳህን ደርድራ ማንሳት ጀመረች፣ አስተናጋጁ ልጅ ሮጦ መጥቶ «ዳዳ፣ ፖሌ ፖሌ» አላት፣ ዳዳ በስዋሂሊ እህት ነው፣ ፖሌ ፖሌ ቀስ በይ እንደማለት ነው፣ ሳህኑን ከእጇ ተቀብሏት ሄደ፣ እሷ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ቆማ ቀረች። በማግስቱ ክፍሏ ስገባ አልጋውን አንጥፋ፣ ሻወር ቤቱን ወልውላ፣ ፎጣውን አጣጥፋ ጨርሳለች። ኧረ የጽዳት ሠራተኛዋ ትመጣለች ብላት «አውቃለሁ፣ እኔም እኮ እሷው ነኝ፣ እንዴት አዝረክርኬ እተውላታለሁ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ባሕር ስለማታውቅ እንዳይመስላችሁ። ዱባይ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ ሄዳለች፣ የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ፣ ቦርሳቸውን ተሸክማ፣ ቆማ ለመጠበቅ። እዚህም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ልጆቼ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ፎጣ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ፀሐይ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር፣ ተቀመጪ ስንላት እሺ ትላለች ግን አትቀመጥም። ሦስተኛው ቀን እማዬ ከነቀሚሷ ከነሻሿ ውሃው ውስጥ ገብታ ዘፍ አለችና «ነይ አጠገቤ፣ ልጅ እንደሆን አባታቸው አለላቸው» አለቻት። ገባች። ከሰዓት ጥላ ስር ተኛች፣ አራት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም፣ ባለቤቴ ኧረ ደህና መሆኗን እይልኝ እስኪለኝ ድረስ። ያ ጸሐፊ ገንዘቡ የት ገባ ካሉ እዚህች እንቅልፍ ውስጥ ነው የገባው።

ሌላው ነገር፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትንሿ ልጄ «እማዬ ባሕሩ ሄደ!» እያለች እየጮኸች መጣች። ወጥተን ስናይ እውነትም የለም፣ ማታ ደጃችን የነበረው ውሃ ሸሽቶ ሸሽቶ ሩቅ ሆኗል፣ አሸዋና ድንጋይ ብቻ። በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ሄዶ ይመለሳል፣ በተለይ በምሥራቁ ዳርቻ በጃምቢያኒና በፓጄ በኩል፣ ሁሌ መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜን ያሉትን ኑንግዊንና ኬንድዋን ቢመርጥ ይሻለዋል፣ እዛ ያን ያህል አይርቅም። ማንም አልነገረንም ነበር ግን አልቆጨንም፣ ውሃው ሲሸሽ የሰፈሩ ሴቶች ይወጡና ችካል ተክለው ገመድ ወጥረው ያበቀሉትን የባሕር ሣር ይለቅማሉ፣ እሱ ደርቆ ውጭ ይላካል፣ ከሱ የሚወጣው ማወፈሪያ ጥርስ ሳሙና ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እማዬ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ብዙ አየቻቸውና «እነዚህስ ማን ይከፍልላቸዋል ለማረፊያ» አለች።

አንድ የገረመን ነገር ሰዓታቸው ነው። እንደኛው ከንጋት ነው ሚቆጥሩት፣ ከቀትር በኋላ ፈረንጅ 1፡00 የሚለውን እነሱ «ሳ ሳባ» ይሉታል፣ ሰባት ሰዓት። አትክልተኛው ለአባቴ በጣቱ ሰባት ሲያሳየው የአባቴም ሰዓት ሰባት ሆኖ ተገኘ፣ ከዛ ወዲያ አንድ ቃል ሳይግባቡ ወዳጅ ሆኑ። ቤታችን ደሞ እንደ ወሎ ቤት ነው፣ እኛ ሙስሊም ባለቤቴ ክርስቲያን፣ ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ያ ሁሉ ዓሣ ተደርድሮ እሱ በኮኮናት የተሠራ የቦሎቄ ወጥ ሲበላ ሰነበተ፣ ማሃራጌ ይሉታል፣ ጣፋጭ ነው፣ ግን አባቴ ዓሣውን ወደሱ እያስጠጋ ሲያበሽቀው ነው የከረመው።

ማማረር ያለብኝንም ላማርር። ሁሉም ተካቷል ሲሏችሁ ሁሉም እንዳይመስላችሁ፣ ጉዞውን ያዘጋጀልን ቢሮ ሳይነግረን ከኤርፖርት የሚወስደን መኪናና ጀልባው ለብቻ ተከፈለ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደሞ የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር፣ ይሄን ቀድማችሁ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፣ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ ዕድሜው ከ60 ያለፈ ሰው ካላችሁ ሳይወጋ በፊት ሐኪም አማክሩ። የማንጠጣውን መጠጥ ዋጋ መክፈላችንም ከነከነኝ። ፌስታልማ በጭራሽ እንዳትይዙ፣ ታንዛኒያ ክልክል ነው፣ የእማዬ ቆሎ በፌስታል ስለነበር ኤርፖርት ላይ ወደ ሻሿ ተገለበጠ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ሐይቅ ይሁን ካሉ እኔ እሺ ነኝ፣ ውሃው አይሸሽም፣ ፓስፖርት አይጠይቅም፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዛው አለ፣ እኛ ሴቶች ባንገባም ወንዶቹ አይተው ይነግሩናል። ግን ውሃው ዳር ቤት ያላቸው ሰዎች ለሁለት ሌሊት ለቤተሰብ ይሄን ያህል ብለው አንድ ዋጋ ይቁረጡ፣ ቁርስ ምሳ እራቱን፣ ዓሣውን፣ ቡናውን ከነጀበናው ይጨምሩበት፣ ሴቶቹ ከሰል ይዘው አይምጡ፣ ዕቃም አይጠቡ። እህቴ መጪው ክረምት ላይ ትመጣለች። እንዲህ ያለ ቤት ካለና እኔ ካልሰማሁ በጋዜጣችሁ ይጻፉልኝ፣ ሰባት ነን፣ አንዱ ዋጋ ሳይጠይቅ የማይበላ ሽማግሌ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ