ያቺ ያንተ ፉጨት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? የእማዬስ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ እየቆራረጠ ወሬዬን ይበላብኛል። ይሄኛው ደግሞ ያንተ ወሬ ስለሆነ እንዲበላብኝ አልፈለግኩም። ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የማስታምማቸውን ሴትዮ ነግሬሃለሁ፤ 88 ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ለቅዳሜ ማታ ሁለት የኮንሰርት ቲኬት ገዝቶላቸው ነበር። እሱ ሳይመቸው ቀረና "በይ አንቺ ውሰጂኝ" አሉኝ። ከድሮ ጀምሮ እስካሁን የተሠሩ የፊልም ሙዚቃዎች በትልቅ ኦርኬስትራ የሚቀርቡበት ምሽት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ እንቅልፍ ይወስደኛል የሚል ነበር።

ቦታው ሆሊውድ ቦውል ይባላል። እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ኮረብታ መሀል የተቀመጠ ጣራ የሌለው ትልቅ ቲያትር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1922 ጀምሮ አለ፤ ከ17 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። መድረኩ ላይ ለሁለት የተገመሰ ቅል የመሰለ ነገር ተደፍቷል። ሰዉ ምግቡን፣ ወይኑን፣ ብርድ ልብሱን ሸክፎ ነው የሚመጣው። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ በለው። እኔም ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ ዳቦ ቆሎ ገዝቼ፣ ጋቢዬን ይዤ ሄድኩ። ማታ ሲቀዘቅዝ ጋቢውን ለሴትዮዋ አለበስኳቸው። ዳቦ ቆሎውንም ጨረሱት።

መቶ የሚጠጋ ሙዚቀኛ ተደርድሯል። መጀመሪያ ኦቦ የሚሉት የሚነፋ መሣሪያ አንዲት ድምፅ ይሰጣል። ሌላው ሁሉ እሷን ተከትሎ ይቃኛል። አዝማሪ ከመጀመሩ በፊት መሰንቆውን የሚያባብልባትን ሰዓት ታውቃት የለ? እሷን ነው ያስታወሰኝ።

የጀመሩት በኪንግ ኮንግ ነው፤ የ1933ቱ፣ ያ ትልቁ ዝንጀሮ። ሙዚቃውን የሠራው ማክስ ስታይነር የቪየና ሰው ነው። በ1914 ኒውዮርክ ሲገባ ኪሱ ውስጥ የነበረው 32 ዶላር ነው አሉ። (እኔ ስገባ ከሱ እሻል ነበር፤ 140 ነበረኝ።) ቀጥሎ የ1938ቱ ሮቢን ሁድ መጣ። ኮርንጎልድ የሚባለው የሙዚቃው ደራሲም ከቪየና ነው፤ አይሁዳዊ ነው። እሱ እዚህ ይህን ሙዚቃ ሲሠራ ሂትለር ኦስትሪያን ያዘ። ቪየና የነበረውን ቤቱን ወረሱበት። በኋላ ሕይወቴን ያተረፈልኝ ያ ፊልም ነው ይል ነበር። ሴትዮዋ ወደኔ ዞር ብለው "እነዚህ ሁሉ እንደ አንቺ መጤ ናቸው" አሉኝ። ምን እንደምመልስ ስላላወቅኩ ዳቦ ቆሎ አቀበልኳቸው።

ከዚያ ሳይኮ፣ የ1960። ቫዮሊንና ዘመዶቹ ብቻ ናቸው የሚጫወቱት፤ ከበሮ የለ፣ ጥሩምባ የለ። ግን ያ ጩኸት ሲመጣ ቢላ የተሳለብህ ነው የሚመስልህ። ሴትዮዋ እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ መጀመሪያ ያ ቦታ ያለ ሙዚቃ ይሁን ብሎ ነበር፤ ሲሰማው ነው ሐሳቡን የቀየረው። የ1975ቱ የሻርክ ፊልምም እንዲሁ ነው። ጆን ዊልያምስ ሁለት ኖታ ብቻ እየደጋገመ ሲያሰማው ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለት ኖታ! በስታር ዋርስ ጊዜ ደግሞ ጢማም ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የሚያበራ የፕላስቲክ ጎራዴ እያወዛወዙ ተነሡ። እኔ ያን ፊልም አላየሁትም፤ ከሙዚቃው ይልቅ የሳቅኩት በሰዎቹ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄን ጠብቄ ነበር፤ ቀረ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ብሮክን ፍላወርስ የሚባል ፊልም ውስጥ የሱ ሙዚቃ እኮ አለ። አንድ ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

አሁን ወዳንተ ልምጣ።

መብራቱ ቀነሰ። ዋሽንቱ አንዲት አጭር ነገር ተነፈሰ። አባዬ፣ ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ያንተ ናት! ሲኒማ ኢትዮጵያ የካውቦይ ፊልም አይተህ መጥተህ ዕድሜ ልክህን ያፏጨሃት ናት። ማታ ከሥራ ስትመለስ ከበሩ በፊት እሷ ትደርስ ነበር። ውሻው ይነሣል፣ እኛ ደብተራችንን ጥለን እንሮጣለን። እማዬ ደግሞ "በጨለማ አታፏጭ፣ እባብ ትጠራብናለህ" ትላለች። ሙዚቃው የኤንዮ ሞሪኮኔ ነው፣ የ1966። ለካ የኮዮት ጩኸት አስመስሎ ነው የሠራው። ኮዮት ቀበሮ የሚመስል የዚህ አገር አውሬ ነው፤ ሌሊት ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ መንገድ ሲያቋርጥ አየዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ደጃችን ላይ ስትጮህ የነበርከው እንደሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ግር አለኝ። መጀመሪያው ልክ ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ እነሱ ሽቅብ ወጥተው ወደ ግልቢያ ገቡ። አንተ እዚያ ጋ ዝቅ ብለህ፣ ቀስ ብለህ ወደ ትዝታ ነበር የምታዞራት። ቀሪው ጠፍቶህ ነው ወይስ አውቀህ? ሰባት ዓመት እዚህ ስኖር፣ ዕቃ ሳጥብም ሊፍት ስጠብቅም የማፏጨው ያንተን ነው። መድረክ ላይ መቶ ሰው የተሳሳተና አንተ ልክ የሆንክ መሰለኝ። ሳላስበው የቀረውን ባንተ ዜማ በቀስታ ጨረስኩት። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞሮ ገላመጠኝ።

መኪና ውስጥ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው። "አባትሽ የሚያፏጨውን ካልሰማሁ አላምንም" አሉ። በዚህ ላይ ጥርስህ ከወለቀ ወዲህ ፉጨት እምቢ አለኝ ብለሃል። የጥርሱን ገንዘብ ትናንት ልኬያለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውለው። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ለብቻ እልካለሁ። ጥርሱ እንደገባ በቴሌግራም ድምፅህን ቀድተህ ላክልኝ። እማዬ እንዳትቆጣህ በቀን አድርገው።

ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ናፋቂ ልጅህ